ምዕራፍ ስድስት፦ ጠሪውና ቀሪው

በ1971 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ የሚሽን ደጋፊዎች ተሰብስበው ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከናይሮቢ የመጡት ቄስ ጆን ጋቱ ናቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ። ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ በእንዲህ ያለ መድረክ ምን እንደሚል አዳራሹ ቀድሞ ያውቃል። ስለተላኩት ሚሲዮናውያን ያመሰግናል፣ የጎደለውን ይዘረዝራል፣ ሰውና ገንዘብ ይጨመርልን ብሎ ይቀመጣል። ጋቱ ግን ሚሲዮናውያኑ ወደየአገራቸው ይመለሱ፣ ሰውም ገንዘብም መላኩ ከ5 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይቁም አሉ።

ንግግሩ ብዙ ሰው አስቆጣ። ውለታ ቢስነት ነው ያሉም ነበሩ። የጋቱ ፍሬ ነገር ግን ውለታን አይነካም። ዕቅዱ ከውጭ የሚወጣለት፣ ደመወዙ ከውጭ የሚመጣለት፣ ችግር ሲገጥመውም ዓይኑን ወደ ውጭ የሚያነሣ ምእመን የገዛ ጉልበቱን ልክ ሊያውቅ አይችልም፤ የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ማንነታቸውን እንዲያገኙ ጊዜ ይሰጣቸው ነው ያሉት።

ይህ ከተባለ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም በፈረንጆቹ የበጋ ወራት በናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ቡድኖች ሻንጣቸውን ሲጠብቁ ይታያሉ። አብዛኞቹ የሚቆዩት ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ነው። ግድግዳ ይቀባሉ፣ ከልጆች ጋር ይዘምራሉ፣ መድኃኒት ያድላሉ፣ ይሰብካሉ። ነገሩ የፈረንጆች ብቻ አይደለም። የሀበሻ አብያተ ክርስቲያናትም፣ በተለይ በውጭ ያሉት፣ ወጣቶቻቸውን በሚሽን ጉዞ መላክ ለምደዋል። ናይሮቢ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ በሞያሌ በኩል በመኪናም ይደረሳል።

እንዲህ ያለው ጉዞ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የዚህ ምዕራፍ መልስ በሁለት ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጠሪውና በቀሪው። ሥራው ያስፈልገናል ብሎ ቡድኑን የጠራው ማን ነው? ቡድኑ ሲመለስስ ከሥራው ጋር የሚቀረው ማን ነው? ሁለቱም መልሶች እዚያው መንደሩ ውስጥ ከተገኙ ጉዞው መልካም ዕድል አለው። ካልተገኙ ግን የተጓዦቹ ቅንነት ብቻውን አያድነውም።

ከአዲስ አበባ የተላከው ደብዳቤ

ከጋቱ ንግግር አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1972፣ ከአዲስ አበባም ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ደብዳቤ ወጣ። የላከችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት፤ ዋና ጸሐፊዋ በ1979 በደርግ ዘመን የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደብዳቤው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተጻፈ ሲሆን ቅሬታው ግልጽ ነበር። የምዕራቡ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው፤ ለአገልጋይ ሥልጠናና ለጸሎት ቤት ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፣ የሚያስቀድመውን የሚያውቀውም በቦታው ያለው ነው ስትል ተከራከረች።

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ አልቀረም። በጥቅምት 1974 ፌዴሬሽኑ በወንጌል ስብከትና በልማት ግንኙነት ላይ ምክክር ጠራ፤ የተሰበሰበውም ናይሮቢ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ የሚገኘው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሉሳካ ላይ ተሰብስቦ የጋቱን የ“ይቁም” ጥሪ የራሱ አድርጎ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ የዓለም ወንጌላውያን በስዊዘርላንድ ሎዛን ባወጡት ቃል ኪዳን፣ ወንጌል በደረሰው አገር የውጭ ሚሲዮናውያንና ገንዘብ መቀነስ አንዳንድ ጊዜ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ራስን መቻል ሊያስፈልግ እንደሚችል አመኑ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1975 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ ጉባኤውን አካሄደ፤ ቦታው አሁንም ናይሮቢ፣ ያኔ አዲስ በነበረው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል። እንግዲህ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች የሚጎርፉባት ከተማ “ማን ይምጣ? ለምን ይምጣ? ማንስ ይወስን?” የሚለው ክርክር ደጋግሞ የተካሄደባት ናት።

ክርክሩ ግን በጋቱ አሸናፊነት አልተዘጋም። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የውጭ እርዳታው ቢቋረጥ ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን በምን እንደሚያስተዳድሩ አስበው ፈሩ። ሌሎች ደግሞ “ሂዱ” የሚለውን የክርስቶስን ትእዛዝ በውሳኔ ማገድ አይቻልም አሉ። በዚህ መሐል የአውሮፕላን ትኬት ረከሰ፣ የሚሽን መልክም ተለወጠ። ሶሺዮሎጂስቱ ሮበርት ዉትናው በ2005 ባደረጉት ዳሰሳ መሠረት ከአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ምእመናን ለአጭር ጊዜ ሚሽን ወደ ውጭ ይወጣሉ ተብሎ ተገመተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጋቱ ይመለሱ ያሏቸው ሚሲዮናውያን ብዙዎቹ ቋንቋ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በኬንያ የፈጁ፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን እዚያው የቀበሩ ነበሩ። የዛሬው ተጓዥ ያን እውቀት አልያዘም። ምን እንደሚሠራ የመምረጥ ሥልጣኑ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያዋጣው እሱ ነው።

በሰው የተነገረላት መንደር

የናይሮቢ ሚሽን ቡድኖች አብዝተው የሚጎበኟቸው መንደሮች ይታወቃሉ፤ ኪቤራ፣ ማታሬ፣ ኮሮጎቾ፣ ሙኩሩ፣ ካንጌሚ። ከሁሉም ስሟ የገነነው ኪቤራ ናት። መነሻዋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ከዛሬዋ ሱዳን አካባቢ ተመልምለው በእንግሊዝ ጦር ያገለገሉ ኑቢያውያን ወታደሮች ያኔ ጫካ በነበረው መሬት ላይ እንዲሰፍሩ በመፈቀዱ ነው። የይዞታ ወረቀት ግን አልተሰጣቸውም። የኑቢያውያኑ ማኅበረሰብ ለ288 ኤከር መሬት የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ ያገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ በ2017 ነው።

ለብዙ ዓመታት ኪቤራ “የአፍሪካ ትልቋ የድሆች መንደር፣ አንድ ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት” እየተባለች ስትነገር ኖረች። ቁጥሩ በጋዜጣ፣ በእርዳታ ድርጅት ሪፖርትና በሚሽን በራሪ ወረቀት ላይ ይዞር ነበር። በ2009 የኬንያ የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ሲወጣ ግን በኪቤራ የተገኘው ሰው 170 ሺህ ገደማ ነው። በቆጠራው ላይ ክርክር ቢነሣም ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ በቁጥር ያረጋገጠ አልነበረም። በዚያው በ2009 የመንደሯ ወጣቶች የጂፒኤስ መሣሪያ ይዘው በየጠባቡ መተላለፊያ እየዞሩ፣ እስከዚያ ድረስ በካርታ ላይ ባዶ ሆና የምትታየውን መንደራቸውን ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የውኃ ቦኖውንና መጸዳጃ ቤቱን እየለዩ መዘገቧት። ሥራው “ማፕ ኪቤራ” ይባላል። አንድ የሚሽን ቡድን ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ማየት ያለበት ካርታ በራሳቸው በነዋሪዎቹ ተሠርቶ ቆይቷል ማለት ነው።

ካርታው የማያሳየውም አለ። የኪቤራ አብዛኛው መሬት የመንግሥት ነው። የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶቹ ግን ባለቤት አላቸው፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች ሌላ ቦታ ይኖራሉ፣ ነዋሪው ደግሞ ተከራይ ነው። ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል፤ አከራዩ ግን ነገ ሊፈርስበት በሚችል መሬት ላይ ለቤቱ እድሳት ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም። ውኃውም በጄሪካን ከነጋዴ ስለሚገዛ፣ በሊትር ሲሰላ ቧንቧ ቤቱ ከገባለት ሀብታም ይልቅ ድሃው የበለጠ ይከፍላል። በሐምሌ 2018 ለአዲስ መንገድ ሲባል የብዙ ሺህ ሰዎች መኖሪያና አንዳንድ የመንደሩ ትምህርት ቤቶች በዶዘር ተነሥተዋል። በ2024ቱ ጎርፍ ጊዜ ደግሞ በማታሬና በሙኩሩ የወንዝ ዳር ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ፈርሰዋል። ስለዚህ የዚህ ድህነት አንዱ ሥር የመሬት፣ የኪራይና የሕግ ጉዳይ ነው። የሁለት ሳምንት ቡድን ይህን ሥር አይነካውም። ሥሩን ካላወቀም ነገ በዶዘር በሚነሣ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀለሙን ያፈሳል።

ስብከትን በተመለከተ ደግሞ በ2019ኙ ቆጠራ ከኬንያ ሕዝብ 85.5 በመቶው ክርስቲያን ነኝ ብሏል። በናይሮቢ የድሆች መንደሮች የቆርቆሮ ጸሎት ቤት የሌለበት መንገድ ማግኘት ይቸግራል። የኪቤራ ኑቢያውያን ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በፍቅርም በጠብም የኖሩበት ረጅም ታሪክ አላቸው። ማን ለማን እንደሚሰብክ፣ ማን ቀድሞ ሲሰብክ እንደኖረ ያልጠየቀ እንግዳ፣ የዘመናት ጉርብትና በአንድ ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ ሊያደፈርስ ይችላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

የጉዞውን ወጪ ከሌላ አገር በተገኘ ጥናት እንጀምር። በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የሚሽን ቡድኖች ቤት ለመሥራት ወደዚያ ጎረፉ። እዚያው ሆንዱራስ የኖሩት ሶሺዮሎጂስት ከርት ቨር ቢክ የእነዚህን ቤቶች ጉዳይ አጥንተው በ2006 አሳተሙ። የአገሬው ክርስቲያናዊ ድርጅት አንድ ቤት በ2,000 ዶላር ገደማ ይሠራል። የውጭ ቡድን የሠራው ቤት፣ የጉዞው ወጪ ሲታሰብ፣ 30,000 ዶላር ያህል ይደርሳል። ቤት ያገኙት ቤተሰቦች ኑሮ ግን በሁለቱም በኩል የጎላ ልዩነት አልታየበትም። በተጓዦቹም ሕይወት፣ በሚሰጡት ገንዘብም ሆነ በጸሎታቸው፣ የሚጠበቀው ዘላቂ ለውጥ በአብዛኞቹ ላይ አልተገኘም።

ተመሳሳዩን ስሌት ለናይሮቢ እንሞክረው። 12 ሰዎች ያሉት ቡድን ለእያንዳንዱ ተጓዥ በትኬት፣ በማደሪያና በምግብ 3,000 ዶላር ቢያወጣ ድምሩ 36,000 ዶላር ይሆናል። ዶላር በ129 የኬንያ ሽልንግ ቢመነዘር ከ4.6 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ ነው። በ2024 መጨረሻ በናይሮቢ የአንድ ተራ ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ16 ሺህ ሽልንግ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። በዚያ ሒሳብ የቡድኑ ወጪ 24 ሰዎችን ዓመቱን ሙሉ በደመወዝ ያኖራል። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ ግንበኛ፣ አናጺና ቀለም ቀቢ ሞልቷል፤ ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ መንገድ ዳር የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ቡሩሹን ከዚህ ሰው እጅ ወስዶ በነፃ የሚቀባ እንግዳ ለትምህርት ቤቱ ቢያተርፍም ለመንደሩ አላተረፈም።

ስጦታም እንዲሁ ነው። ልብስና ጫማ በሻንጣ ሞልቶ መሄድ የተለመደ ደግነት ነው። ናይሮቢ ግን የምሥራቅ አፍሪካ የልባሽ ጨርቅ ንግድ ማዕከል ናት። የጊኮምባ ገበያ ስፋቱ ለጉድ ነው፤ የቶይ ገበያ ደግሞ ኪቤራ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ገበያ ልባሽ ሸጣ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍን እናት አጠገቧ በነፃ የሚታደል ልብስ ሲመጣ የዕለት ገቢዋ ይነካል። ልብሱን ሊለግስ የመጣው ክርስቲያን ከእሷ ቢገዛው ኖሮ ሁለት ቤት በጠቀመ ነበር።

የዚህ ሒሳብ ተቃራኒ መልስም አለ፤ መሰማትም አለበት። “ጉዞው ባይኖር ያ 36,000 ዶላር አይሰበሰብም ነበር፤ ሰው ለማያውቀው ሰው አይሰጥም” ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ግን እንዲህ ከሆነ ጉዞውን በስሙ እንጥራው፤ የተጓዦቹ ትምህርት ነው። ትምህርት መልካም ነገር ነው። ለትምህርት የሄደ ሰው ግን እንደ ተማሪ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ የአስተማሪውንም ድካም ዋጋ ይከፍላል። የናይሮቢ መጋቢ ለሁለት ሳምንት ሥራውን ትቶ እንግዳ ሲያጓጉዝ፣ ሲያስተረጉምና ሲያስተናግድ የሚሰጠው ጊዜም በቡድኑ በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ልጆቹና ካሜራው

ኬኔዲ ኦዴዴ ኪቤራ ውስጥ ያደገ ነው። በ2010 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ፣ በ16 ዓመቱ ከቤቱ ደጅ ዕቃ ሲያጥብ አንዲት ነጭ ሴት ፎቶ እንዳነሣችው ጽፏል። በሁለት ቀን ውስጥ ምግብ አልቀመሰም ነበር። ሴትየዋ ፎቶዋን ይዛ ሄደች፤ እሱ በዚያው ረኃቡ ቀረ። የጽሑፉ ክርክር ድህነትን መጎብኘት ጎብኚውን አንድ ነገር የሠራ እንዲመስለው ያደርገዋል የሚል ነው። ኦዴዴ ከዚያ በፊት በ2004፣ በ20 ሳንቲም የገዛትን ኳስ ይዞ ወጣቶችን ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። ያ ስብስብ ሾፍኮ የተባለ ድርጅት ሆነ፤ በ2009 በኪቤራ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ2018ም የሂልተንን የሰብዓዊ ሥራ ሽልማት አገኘ።

ከፎቶው የሚከፋው ግን የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ነው። ብዙ የሚሽን ጉዞዎች “ወላጅ አልባ ልጆችን ማቀፍ” የሚል ቀን አላቸው። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም በማሳደጊያ ውስጥ ከሚኖሩ አምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ እናት ወይም አባት፣ ወይም ሁለቱም አሏቸው። ወደ ማሳደጊያ የሚያስገባቸው አብዛኛውን ጊዜ ድህነት ነው። ማሳደጊያው በጎብኚ ገንዘብ ሲተዳደር ደግሞ ልጅ መሰብሰብ ራሱ ገቢ ይሆናል፤ ልጁን ወደ እናቱ መመለስ ገቢ መቀነስ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ በሚለዋወጥ እንግዳ የሚታቀፍና የሚሰናበት ልጅም ፍቅር ሁሉ የሚሄድ ነገር መሆኑን ይማራል።

አደጋው ከዚህም ይከፋል። በ2014 ከአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ወደ ናይሮቢ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመጣ ወጣት በአንድ ማሳደጊያ ልጆች ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት በአገሩ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ በ2016 የ40 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በር ለቅን ሰው ሁሉ ሲከፈት ቅን ላልሆነውም እንደሚከፈት ለማሳየት ይህ ይበቃል።

ኬንያ ይህን አይታ መንገዷን ቀይራለች። በ2017 አዲስ የሕፃናት ማሳደጊያ መመዝገብ አቆመች። በ2022 ያወጣችው የ10 ዓመት ስትራቴጂም ልጆችን ከተቋም ወደ ቤተሰብና ወደ ዘመድ የሚመልስ ነው። አቅጣጫው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ አገራችንም በ2018 መጀመሪያ የውጭ ጉዲፈቻን ከልክላለች። ልጅን ዘመድና ጎረቤት ያሳድጋል የሚለው ልማድ በሁለቱም አገር ከማሳደጊያው ይቀድማል። ማገዝ የሚፈልግ ቤተ ክርስቲያን የልጅ ልጆቿን ለምታሳድገው አያት ኪራይ ይክፈል፤ ያኔ ልጆቹን የሚያቅፍ እንግዳ አያስፈልግም።

የቀሩት

ታሪኩ የውጭ ሰው ሁሉ ይጎዳል የሚል አይደለም። ናይሮቢ ራሷ የዚህ ማስረጃ ናት።

ጣሊያናዊው የኮምቦኒ ማኅበር ቄስ አሌክስ ዛኖቴሊ ከከተማዋ ዋና የቆሻሻ መጣያ ከዳንዶራ አጠገብ ባለችው ኮሮጎቾ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ 12 ዓመት ያህል ኖረዋል፤ እስከ 2002። አይሪሻዊቷ መነኩሴ ሲስተር ሜሪ ኪሊን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሙኩሩ ትምህርት ቤቶችን አስፋፍተዋል። ሐኪምና የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የነበሩት አሜሪካዊው አንጀሎ ዳጎስቲኖ በ1992 ከኤችአይቪ ጋር ለተወለዱና ለተጣሉ ሕፃናት ኒዩምባኒን ከፈቱ። ልጆቹ መድኃኒት አግኝተው ለትምህርት ሲደርሱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንቀበልም አሏቸው። ዳጎስቲኖና ድርጅታቸው ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ2004 መጀመሪያ መንግሥት ልጆቹን ለመቀበል ተስማማ። ይህን ዓይነት ክርክር በሁለት ሳምንት መጀመርም መጨረስም አይቻልም። የትኛው ቢሮ በር እንደሚያንኳኩ፣ የትኛው ጠበቃ እንደሚቆምላቸው፣ የትኛው ርዕሰ መምህር በልቡ እንደሚደግፋቸው ለማወቅ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ለመቅረት ያልቻለ ሰውስ? የታቢታ አቲየኖ ፌስቶ ታሪክ መልስ አለው። ታቢታ በኪቤራ የምትኖር ሥራ ያጣች ነርስ ነበረች። በ2000 ለጥናት የመጣው አሜሪካዊ ተማሪ ራይ ባርኮት ከመመለሱ በፊት 26 ዶላር ሰጣት፤ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ዕቅዱም የእሷ ነበር። በገንዘቡ አትክልት ነገደች፤ ባተረፈችውም በገዛ ቤቷ ውስጥ ክሊኒክ ከፈተች። እሷ በ2004 ብታርፍም ክሊኒኩ በስሟ እየተጠራ አድጎ ቀጥሏል። ባርኮትም በ2001 ከእሷና ከኬንያዊው ሳሊም ሞሐመድ ጋር ድርጅት አቋቁሞ ከሩቅ ሆኖ ማገዙን አልተወም። ከ26 ዶላሩ ማነስ ይልቅ ልብ የሚባለው ጠሪዋም ቀሪዋም አንድ ሰው መሆኗ ነው። ተማሪው ምን እንደሚያስፈልግ ሊያውቅ አልሞከረም፤ የምታውቀዋን ሴት አመነ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በኅዳር 2015 ካንጌሚ ወዳለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ንግግራቸውን የጀመሩት በድሆች መንደር ውስጥ ያለውን የመተሳሰብ ጥበብ በማመስገን ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ መሬት ቅርምት፣ ወደ ውኃና ወደ መኖሪያ ቤት መብት አለፉ። እንግዳ መጀመሪያ ያለውን አይቶ ከዚያ የጎደለውን መናገር እንዳለበት ቅደም ተከተሉ ራሱ ያስተምራል።

ወላይታ፣ ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት

የጋቱን ሐሳብ የሚፈትን ተሞክሮ ከሚልዋኪው ንግግር 30 ዓመት ቀደም ብሎ በአገራችን ታይቷል፤ ማንም ሳያቅደው። “የሱዳን ውስጥ ሚሽን” የተባለው ድርጅት ሚሲዮናውያን በ1927 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብተው በደቡብ ሥራ ጀመሩ። በ1937 የጣሊያን ወረራ ከወላይታ ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ እንደነበሩ የሚሽኑ ጸሐፊዎች ይመዘግባሉ። ሚሲዮናውያኑ የጠበቁት ይህች ትንሽ መንጋ በስደት እንደምትበተን ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት 10,000 ያህል አማኝ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሆነ? የወላይታ ሰዎች እስርና ግርፋት እየደረሰባቸው በገዛ ቋንቋቸው ሰበኩ፣ በገዛ እጃቸው የጸሎት ቤት ሠሩ፣ አንዱ የሌላውን እርሻ አረሰለት። ብዙ ሳይቆይ ወንጌላውያኑ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ሄዱ፣ ቋንቋ ለመዱ፣ እዚያው ኖሩ። የላኳቸውም ከማሳቸው ምርት የሚያዋጡ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን ያላት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሥሯ ይህ ነው።

ታሪኩን ለሁለቱም ወገን መጠቀም ይቻላል። ሚሲዮናውያኑ ባይመጡ ኖሮ 48ቱም አይኖሩም ነበር፤ ስለዚህ መምጣት ከንቱ አይደለም። ባይወጡ ኖሮ ደግሞ የወላይታው ወንጌላዊ የራሱን ጉልበት ያን ያህል ባልፈተነ ነበር። በዚህ ታሪክ ያደገ ኢትዮጵያዊ ምእመን ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ከፈረንጅ ቡድን የተሻለ ማወቅ ይገባዋል። ሚሽን ተቀባይ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ያለ እንግዳ ማደግም ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከመነሣት በፊት

በአገራችን ለቅሶ ቤት የሚደርስ ሰው ድንኳኑን ወዲያና ወዲህ አያዛውርም። የእድሩን ዳኛ ይጠይቃል፤ ውኃ ቅዳ ከተባለ ይቀዳል፣ ተቀመጥ ከተባለ ይቀመጣል። የሚሽን ቡድንም ከዚህ የተለየ ሥነ ሥርዓት አያስፈልገውም። የእድሩን ዳኛ አስቀድሞ ማግኘት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ግብዣው ነው። ኪቤራ ወይም ማታሬ ያለ ቤተ ክርስቲያን በራሱ ስብሰባ ተወያይቶ፣ ይህን ሥራ፣ በዚህ ወር፣ ይህን ያህል ሰው ላኩልን ብሎ ጽፏል ወይ? ቡድኑ ቀኑን ቆርጦ፣ ትኬቱን ገዝቶ፣ ከዚያ “ምን እንሥራላችሁ?” ካለ ጠሪው ራሱ ተጓዡ ነው። ጨዋ አስተናጋጅ ለእንግዳ “አትምጣ” አይልም፤ ሥራ ይፈልግለታል። ግድግዳው ሳያስፈልገው የሚቀባው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው። ኬንያ ለሚሲዮናዊና ለበጎ አድራጎት አገልግሎት የተለየ የሥራ ፈቃድ አላት፤ ለአጭር ጊዜ ሥራም ልዩ ይለፍ ትሰጣለች። በጎብኚነት ገብቶ ማገልገል ችግሩን ለአስተናጋጁ ቤተ ክርስቲያን ጭምር ያተርፋል። ሐኪምና ነርስ ደግሞ ለሁለት ቀን የሕክምና ዘመቻ እንኳ ከሚመለከተው የኬንያ ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣሉ። በገዛ አገሩ የማይፈቀድለትን ሕክምና በድሃ ላይ መሞከር በምንም ጸሎት አይባረክም።

ሦስተኛው ስለ ሙያ ነው። በቦታው በቀላሉ የማይገኝ ችሎታ ያለው እንግዳ፣ ለምሳሌ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ወይም የነርሶች አሠልጣኝ፣ በሁለት ሳምንትም ብዙ ይሠራል፤ በተለይ በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ፣ ወደ እነዚያው ሰዎች ከተመለሰ። ይህ ችሎታ የሌለው ደግሞ ተማሪ ሆኖ ይሂድ። ከመጋቢው ጋር ሕሙማንን ይጠይቅ፣ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተቀምጦ የመሬቱን ነገር ይስማ፣ ከቶይ ገበያ ይግዛ፣ ስዋሂሊ ይጀምር። ካሜራውም የሚነሣው ሰው ፈቃዱን ሲሰጥ ብቻ ይከፈት።

አራተኛው ስለ መልስ ጉዞ ነው። የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን ሚሲዮናውያን የሚልኩ፣ ትልልቅ ከተሞችን የሚያገለግሉ፣ ለእኛም የሚያስተምሩት ያላቸው ናቸው። እኛ ወደ ናይሮቢ ስንሄድ እነሱስ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ዋሽንግተን ይጠራሉ? ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከቀረ ወዳጅነት ለማለት ይቸግራል።

የመጨረሻው ስለ ሪፖርቱ ነው። ቡድኑ ሲመለስ እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ ስላይድ ያሳያል፣ ያለቅሳል፣ ጉባኤው ያጨበጭባል። ልማዱን እንለውጠው። ቡድኑ ከተመለሰ ከስድስት ወር በኋላ፣ ስሜቱ ሲበርድና ቀለሙ መላጥ ሲጀምር፣ ያን እሁድ የናይሮቢው ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ወይም የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ በቪዲዮም ቢሆን ይቅረቡ። ምን ጠቀመን፣ ምን አስቸገረን፣ ምን ባትሠሩ ይሻል ነበር፣ ሌላ ቡድን እንላክ ወይስ ገንዘቡን ብቻ፣ ወይስ ምንም አትላኩ ይበሉ። ላኪው ጉባኤ ይህን ለመስማት ካልደፈረ ተጓዦቹን ለራሱ ደስታ ነው የላካቸው። ከደፈረ ግን የሚቀጥለውን ጉዞ የሚወስነው ማን እንደሆነ አውቋል፤ በመንደሩ የቀረው ሰው።